ሁለቱ ክፍሎች

ላፕቶፔ ላይ ልሰርዘው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ የተውኩት አንድ የኤክሴል ፋይል አለ። ስሙ «ላሊበላ ፋይናል 2» ይላል። ውስጡ ያለው አንድ ሰንጠረዥና አንድ ግራፍ ብቻ ነው። ግራፉ ከታች በስተግራ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ፣ እየወጣ ይሄድና 2017 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ታላቅ ወንድሜን ባለ አምስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ያደርገዋል። ያውም ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ።

ይኼን የምጽፈው በዚያው በ2017 ነው። ለቱሪስት የሚከራዩት ክፍሎች አምስት አልሆኑም። ዕዳውም ግራፉ ባለው መንገድ አላለቀም።

ስለ ኮሮናና ስለ ቱሪዝም ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው በመቶኛ ነው። እኔም የመቶኛ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ቁጥር ነው። ግን አንድ መቶኛ እኛ ቤት ገብቶ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ።

*

የ2012ን ገና ያከበርኩት ተወልጄ ባደግኩባት ላሊበላ ነበር። በሶፍትዌር ምህንድስና ከተመረቅኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጥሮኛል፤ የመጀመሪያ ላፕቶፔን በራሴ ደሞዝ ገዝቻለሁ፤ ባጭሩ ዓለምን የማውቃት መስሎኛል።

ከተማው ሞልቶ ፈሷል። ምዕመኑ ከየአቅጣጫው በእግሩ ገብቷል፤ ፈረንጁም ካሜራውን አንግቶ ገብቷል። ወንድም ጋሼ ለቱሪስት የሚያከራያቸው ሦስት ክፍሎች አሉት። ሦስቱም ቀድመው ተይዘዋል። በር እያንኳኳ «ክፍል አለ?» የሚለውን ሁሉ ወደ ጎረቤት ሲሸኝ ነው የሚውለው።

ወንድም ጋሼ የምለው በ11 ዓመት ስለሚበልጠኝ ብቻ አይደለም። አባታችን ያረፈው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተር የገዛልኝም፣ ስጠፋ ፈልጎ የገረፈኝም፣ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ አድርሶኝ የተመለሰውም እሱ ነው።

የበዓሉ ማግስት ማታ እናታችን ቡና እያፈላች እኛ ደጅ ቁጭ ብለን ነበር። ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«ዛሬ ስንት ሰው መለስክ?»

«አራት። ቢበዛ አምስት።»

«ይኼ በወር፣ በዓመት ሲባዛ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ሁሌ ገና አይደለማ፣ ኢንጂነሩ» አለኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስሜን ትቶ ኢንጂነሩ ነው የሚለኝ፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ቀልድ።

ያኔ ዋናውን ማስረጃዬን አወጣሁ። የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ የጉዞና ቱሪዝም ኢኮኖሚ በፈረንጆቹ 2018 ብቻ በ48.6 በመቶ አድጓል ይላል። በዚያ ዓመት ከዓለም አገሮች ሁሉ አንደኛ። ቪዛ በኢንተርኔት ማግኘት ተጀምሯል፤ ለአፍሪካውያን ደግሞ እዚሁ ሲደርሱ ይሰጣቸዋል። አገሩ ተከፍቷል። ሁሉም ነገር ወደ ላይ ነው።

«አርባ ስምንት ነጥብ ስድስት» አልኩት፣ ነጥቧን ጠበቅ አድርጌ። ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ ሰው ያምነዋል።

ሐሳቤ ሻወር የገባላቸው ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች እንዲሠራ ነው። ለዚያ 400 ሺህ ብር መበደር አለበት፤ ቤቱን አስይዞ። በእኔ ስሌት በአምስት ዓመት ተከፍሎ ያልቃል። ለጥንቃቄ ብዬ ዕድገቱን ከ48.6 ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ይኼን ጥንቃቄዬን በኩራት ነበር ያስረዳሁት።

ወንድሜ ዕዳ የማይወድ ሰው ነው። ከሱቅ ስኳር እንኳ በዱቤ አይወስድም። ብዙ ዝም አለ። ግራፉን አየ፤ እኔን አየ።

«አንተ ካልክ እንግዲህ» አለኝ።

የካቲት ላይ ፈረመ።

*

ላሊበላን ያላያችሁ ካላችሁ፣ 11ዱን ከድንጋይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ቢያንስ በፎቶ ታውቋቸዋላችሁ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከፈረንጆቹ 1978 ጀምሮ ፎቷቸው ያልዞረበት የለም። ፎቶው ላይ የማይወጣው በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም። ስለዚህ ቱሪስቱ በእያንዳንዱ በር ላይ ያወልቃል። ያን ጫማ የሚጠብቅ፣ አንዳንዴም ከአንዱ በር ተሸክሞ በሌላኛው መውጫ የሚያቀርብ ሰው አለ። ጫማ ጠባቂ ይባላል። ሥራ ነው፤ ጉርሻ አለው። ወንድሜ አባታችን በሞተበት ዓመት የጀመረው ከዚያ ነው። ጫማ እየጠበቀ እንግሊዝኛ ለመደ። አስጎብኚዎቹ የሚሉትን ከጀርባቸው እየሰማ ታሪኩን በቃሉ ያዘ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ትተውለት በሄዱት የሰዋስው መጽሐፍ ጣሊያንኛ ጀመረ። በመጨረሻ ፈቃድ አውጥቶ አስጎብኚ ሆነ፤ ቀስ እያለ ሦስቱን ክፍሎች ሠራ። እኔ ባሕር ዳር አምስት ዓመት የተማርኩት በዚህ ገንዘብ ነው። ሰው በላም፣ በበግ ተምሯል። እኔ በጫማ ነው የተማርኩት።

አንድ ቱሪስት ከአውሮፕላን ሲወርድ ስንት ሰው እንደሚበላ ልቁጠርላችሁ። ከማረፊያው ወደ ከተማው የሚያመጣው ሚኒባስ ሹፌር አለ። ለመግቢያ የሚከፍለው ገንዘብ አለ። አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ አንሶላ የምታጥበው፣ ወጥ የምትሠራው አሉ። ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ለበቅሎዋ ጭድ የሚሸጠው ገበሬ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ እንቁላል ይዛ የምትመጣው እናት፣ መስቀል የሚቀርጸው ልጅ፣ ማታ ጠጅ ቤት ውስጥ ግጥም የሚያወርድለት አዝማሪ አሉ። ገበሬው ቱሪስት አይቶ ላያውቅ ይችላል። ግን ቱሪስቱ ካልመጣ ጭዱ አይሸጥም።

ወቅቱ ከመስቀል ይጀምራል፤ ገናንና ጥምቀትን ይዞ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ይሄዳል። ክረምት ላይ ከተማው ያንቀላፋል። በወቅቱ የተሠራችው ክረምቱን ታሻግራለች፤ መስከረም ላይ ኪስ ባዶ ሲሆን እንግዳው ይመጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚኖረው። አንድ መስከረም ከጎደለ ግን ምን እንደሚሆን ማንም አስልቶ አያውቅም። እኔም ኢንጂነሩ አላሰላሁትም።

*

መጋቢት 4 ቀን 2012፣ አርብ ዕለት፣ ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ይፋ አደረገ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሳምንቱ አየር መንገዱ ወደ 30 አገሮች መብረር አቆመ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ሰው በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። የአስር ቀን ዕረፍት የወሰደ ቱሪስት 14 ቀን ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይመጣም። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ሲታወጅ ለላሊበላ ነገሩ ያለቀ ነበር።

እኔ የምሠራበት ድርጅት የአንድ አስጎብኚ ኩባንያን የቦታ ማስያዣ ሲስተም ነበር የሚያስተዳድረው። በዚያ ሳምንት አለቃዬ ጠርቶኝ ሁሉንም ጉዞ በአንድ ጊዜ የሚሰርዝ ነገር እንድሠራ ነገረኝ። አንድ በአንድ መሰረዝ ለሠራተኞቹ አልቻል ብሏቸዋል። ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከ40 መስመር አይበልጥም። «የተረጋገጠ» የሚለውን ሁሉ ወደ «የተሰረዘ» ይለውጣል፤ ከዚያ ለሦስት ወገን ኢሜይል ይልካል። ለደንበኛው፣ ለሆቴሉ፣ የአገር ውስጥ በረራውን ለሚይዘው ክፍል። ሞከርኩት፤ ይሠራል። ተጫንኩት።

ውጤቱን ሳይ ነው «ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ዓይኔን የያዘው። አስጎብኚው የሚጻፈው እዚያ ነው። ሲስተሙ አስጎብኚን እንደ ራሱ የቻለ ነገር አያውቀውም፤ ማንም እንደፈለገ የሚሞላው ባዶ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ስም ነው። ስለዚህ ኢሜይል አይደርሰውም። ስልክም አይደወልለትም። እንዲህ አድርጌ የቀረጽኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ በቀጠሩኝ በሁለተኛ ወሬ። የወንድሜ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ሰባት ቦታ ላይ አለ።

ደወልኩለት።

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«እስከ መቼ ነው እንግዲህ?»

«ቢበዛ እስከ መስከረም። ለመስቀል ይመለሳሉ» አልኩት። ይኼን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ከግራፉ ይሆናል።

እሱ የዚያን ቀን የመጨረሻዎቹን እንግዶቹን ይዞ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ ጣሊያናዊ ባልና ሚስት። የጣሊያን ዜና በየቴሌቪዥኑ የሬሳ ሣጥን የሚያሳይበት ሰሞን ነው። ከወትሮው «ሃይላንድ፣ ሃይላንድ» እያሉ የሚከተሉ ልጆች በሩቁ ቆመው «ኮሮና! ኮሮና!» ይላሉ። ቤተ ማርያም በር ላይ ጫማ ጠባቂው የሴትየዋን ጫማ በእጁ አላነሳም፤ በእንጨት ገፋ አደረገው። እሷ አየችው። ባልዋ እንዳላየ ሆነ።

«ልጁን ልቆጣው ፈልጌ ነበር» አለኝ ወንድሜ። «ግን እኔም እኮ ሁለት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት። ሳውቀው አፈርኩ። በአስራ ምናምን ዓመት ከእንግዳ ሸሽቼ አላውቅም።»

በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስቱን አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶ ተመለሰ። የሁለቱ አዳዲስ ክፍሎች ግድግዳ ያኔ መስኮት ድረስ ደርሷል።

*

ከቤት ስሠራ ጊዜ ተረፈኝና ያን ሪፖርት እንደገና አነበብኩት። ልክ ነው ቁጥሩ፤ 48.6 ይላል። ግን መጀመሪያ ያነበብኩት ርዕሱን ነበር፤ አሁን ምክንያቱን አነበብኩ። ዕድገቱን ያመጣው አዲስ አበባ የቀጣናው የአቪዬሽን ማዕከል መሆኗ ነው ይላል። ቦሌ ላይ አውሮፕላን የሚቀይረው፣ ለስብሰባ መጥቶ ሁለት ሌሊት አድሮ የሚሄደው፣ ይኼ ሁሉ «ጉዞና ቱሪዝም» ውስጥ ይቆጠራል። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ «ክፍል አለ?» የሚለው ሰው ቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ግን ቁጥሩ የእሱ አይደለም። እኔ የቦሌን ቁጥር ወስጄ ላሊበላ ላይ ቤት አስያዝኩበት።

ልዩነቱ የታየው ደግሞ ሁሉም ሲቆም ነው። አየር መንገዱ ከመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ላይ ወንበር እየነቀለ ጭነት መጫን ጀመረ። አዲስ አበባ ለአፍሪካ አገሮች የሕክምና ዕቃ የሚከፋፈልባት ጣቢያ ሆነች። አንዳንድ የአዲስ አበባ ሆቴሎችም ለይቶ ማቆያ ሆነው ቢያንስ መብራታቸው በራ። ኩባንያ ሲሆን መንገድ ይቀይራል። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ካርጎ አይጭንም። ጫማ ጠባቂ ካርጎ አይጠብቅም።

በዚያ ዓመት በመላው ዓለም ድንበር አቋርጦ የሚጓዘው ቱሪስት ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይኼን ሳነብ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ ሁሉም ላይ የመጣ ነው፣ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር ብዬ። እውነት ነው፤ ኮሮናን ማንም አላወቀም። ግን እኔ ማወቅ የነበረብኝ ኮሮናን አልነበረም። ማወቅ የነበረብኝ ከተማው በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። በእኛ ሥራ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም አብሮ እንዳይወድቅ ሁለተኛ ይቀመጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ለወንድሜ ግን ያለችውን አንዷን ሰርቨር ቤቱን አስይዞ እንዲያሳድጋት ነገርኩት።

መስቀል መጣ፤ ማንም አልመጣም። ወንድሜ ካሜራውን ሸጠ፣ ቀጥሎ በቅሎዋን። ከዚያ ሌላ ሰው ቤት ሲሠራ ድንጋይ ሊጠርብ በቀን ሥራ ገባ። አብሮት የሚያስጎበኝ ጓደኛው ሦስት የውጭ ቋንቋ ይናገራል፤ የሰው ባጃጅ ይዞ ተሳፋሪ ፍለጋ ይዞር ጀመር። ጫማ ጠባቂዎቹ ልጆች አንዳንዶቹ ወደየገጠራቸው ተመለሱ። ለትላልቅ ሆቴሎችና ለአስጎብኚ ድርጅቶች በዝቅተኛ ወለድ ብድር ሲባል ሰማን። ለጫማ ጠባቂ ግን ምን ተብሎ ይበደራል? ደረሰኝ የለው፣ ንግድ ፈቃድ የለው።

እኔስ? እዚህ ጋ ነው ለመናገር የሚከብደኝ። ዓለም ከቤቱ መሥራት ሲጀምር ውጭ ያለ አንድ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ እንድሠራለት ቀጠረኝ፤ ሐምሌ 2012። ደሞዜ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። የእሱን በር የዘጋው በሽታ የእኔን ከፈተው። ለወንድሜ አልነገርኩትም። በየሳምንቱ ስንደዋወል «ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ይመስገነው፣ አለ» እላለሁ።

የቀድሞውን ሥራ ከመልቀቄ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ሲስተሙ ላይ «አስጎብኚ» የሚል ራሱን የቻለ ቦታ ጨመርኩ፤ ጉዞ ሲያዝም ሲሰረዝም ስልኩ ላይ መልእክት እንዲደርሰው። ማንም አላዘዘኝም። ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ። መጀመሪያውኑ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የጎደለው።

*

ለ2013 ገና አገር ቤት ሄድኩ። ፈረንጅ አይታይም፤ ከተማው ግን ጭንቅንቅ ብሏል። ምዕመኑ ኮሮናም አልመለሰው። ነጭ በነጭ ሆኖ ከየገደሉ ይወርዳል።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሁለቱን ክፍሎች ነው። ግድግዳቸው አልቋል፤ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ በርና መስኮት የላቸውም። ክረምቱን ጭድ ተከምሮባቸው ከርመዋል። እናታችን ጭዱን መሬቱ ላይ ጎዝጉዛ፣ ኬሻ ደርባበት፣ ከዋግና ከመቄት በእግራቸው የመጡ እንግዶች አሳርፋበታለች። ብቆጥራቸው 19 ናቸው። ጠዋት ውሃ አሙቃ የአንዲት አሮጊት እግር ስታጥብ አገኘኋት።

አፌ ቀድሞኝ «እማ፣ በነፃ ነው?» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሂድ ወዲያ! የገናን እንግዳ ማን ያስከፍላል?»

ከቤተ ማርያም ስንመለስ ወንድሜን «ዘንድሮ ሰው እንዴት ነው?» አልኩት።

«ሰውማ ሞልቷል፤ ቱሪስት ነው የሌለው» አለና ሳቀ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ ላሊበላ ሁለት ዓይነት እንግዳ አላት። አንዱን ከተማው ያበላዋል። ሌላው ከተማውን ያበላል። የመጀመሪያው ለዘመናት ሲመጣ ኖሯል፤ ከተማው ከእርሻው እየቀነሰ አብልቶታል። ሁለተኛው በእናቴ ዕድሜ የመጣ ነው። ግን እኛ ልጆቿ እርሻውን ትተን ወደ ሁለተኛው ዞርን፤ እሱ ሲቀር የመጀመሪያውን እንኳ የምናበላው ከተበደርነው ሆነ። የዚያን ቀን ጠዋት ድፎው የተጋገረው በዱቤ በመጣ ዱቄት ነው። ስኳር በዱቤ የማይወስደው ወንድሜ ነው ያመጣው።

ማታ ባለፈው ዓመት የተቀመጥንበት ቦታ ላይ ተቀመጥን። የማወራውን በአውሮፕላን ላይ አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ያ ብድር ውስጥ ያስገባሁህ እኔ ነኝ።»

«ነህ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ «ኧረ ተው፣ ማን ያውቃል» እንዲለኝ ነበር የጠበቅኩት። አላለኝም። ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

«ግን ቁጥርህን አምኜ አይደለም የፈረምኩት። ሁሌ ገና አይደለም ብዬሃለሁ። የፈረምኩት አንተን አምኜ ነው። ያን ያህል ተምረህ መጥተህ፣ የመጀመሪያ ምክርህን እምቢ ብልህ ምን ይሰማዋል ብዬ ነው። ጥፋቱ እንግዲህ የሁለታችን ነው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሥራዬ መደበቅ አልቻልኩም። ነገርኩት።

«በዶላር?»

«በዶላር።»

«ከቤትህ ሳትወጣ?»

«ሳልወጣ።»

አንገቱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ፈረንጆቹ ወደ እኔ መምጣት ሲያቅታቸው ወደ አንተ ዞረው ነዋ!» ብሎ እስኪያስለቅሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በመጨረሻ የብድሩን ግማሽ በየወሩ እኔ እንድከፍል ተስማማ። ሙሉውን እምቢ አለ። «ግማሹ የእኔ ጥፋት ነው አልኩህ እኮ» ነው ያለኝ።

*

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ላይ ትግራይ ተጀምሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ላሊበላ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲገባ ከረመ፤ ወራት ሙሉ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። በሕይወት አገኘኋቸው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ላሊበላን የጎዳት ኮሮና ነው ወይስ ጦርነቱ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሲለወጥ የየራሳቸውን ድርሻ መለየት እንደማይቻል ማንም የምህንድስና ተማሪ ያውቃል እላለሁ።

ግን አንድ የምለየው ነገር አለ። ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ባሉት ሰባት ወራት ጥይት አልነበረም። በእነዚያ ወራት ነው በቅሎዋ የተሸጠችው። ካሜራው የተሸጠው፣ ከወቅቱ የተቀመጠው ብር ያለቀው፣ ቋንቋ የሚያውቁት ልጆች የተበተኑት ያኔ ነው። ኮሮና የወሰደው የአንድ ዓመት ገቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ይነሳ ነበር። የወሰደው ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ነው። ክፉው ቀን ሲመጣ የሚሸጥ በቅሎ አልነበረም።

ብድሩ ባለፈው ዓመት አለቀ። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ በር ተገጥሞለት አንዲት ነርስ በወር ትከራየዋለች። ሌላው ውስጥ ወንድሜ 60 ዶሮ ያረባል። አልፎ አልፎ እንግዳ ሲመጣ ጃኬቱን ለብሶ ያስጎበኛል። ጣሊያንኛው እየጠፋበት ነው፤ አንዳንዴ ስልክ ላይ አንድ ቃል ይነግረኝና «ትርጉሙን ጎግል ላይ እይልኝ፣ ልክ ነኝ?» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ባለፈው ወር ደወለ።

«ኢንጂነሩ፣ አንድ ነገር አስላልኝ።»

ልቤ ደነገጠ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ዶሮዎቹን 200 ላድርጋቸው ወይ እያልኩ ነው። መኖ፣ ክትባት፣ የእንቁላል ዋጋ፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ያ የድሮው ወረቀትህ አለ?»

«አለ።»

«እሱን ተወውና አዲስ ክፈት። መጀመሪያ አንድ ዓምድ ጨምር።»

«ምን የሚል?»

«ባይሆንስ፣ የሚል።»

ከፈትኩ። በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከሁሉም በፊት፣ «ባይሆንስ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እሱ እየነገረኝ እኔ መሙላት ጀመርኩ።